ከእንቁጣጣሽ እስከ ጥምቀት፦ የአዲስ አበባን ኑሮና በዓላት ፎቶ ለማንሳት

ከመስከረም መባቻ እስከ ጥር አጋማሽ ያሉት አራት ወር ተኩል በአዲስ አበባ ለሚሠራ ፎቶ አንሺ ከዓመቱ ሁሉ የተሻሉ ናቸው። ዝናቡ አየሩን አጥቦት ሄዷል፣ ብርሃኑ ጥርት ያለ ነው፣ ሰዉም ደጅ ወጥቷል። እንቁጣጣሽ፣ ደመራ፣ ኢሬቻ፣ ታላቁ ሩጫ፣ ገናና ጥምቀት ተከታትለው ይመጣሉ። ሆኖም በየዓመቱ የምናያቸው የበዓል ፎቶዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ ከሩቅ የተነሳ ሕዝብ፣ የሚነድ ደመራ፣ ፊታቸው የማይለይ ነጭ ለባሾች። ይህ የሚሆነው ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ ቆሞ ስለሚያነሳ ነው።

የእኛ ምክር ሌላ ነው። ዋዜማውንና ማግስቱን አንሱ። ከአደባባዩ ይልቅ ወደ አደባባዩ በሚወስደው መንገድ ላይ ቁሙ። የከተማው የዘወትር ኑሮና በዓሉ የሚገናኙት እዚያ ነው፤ ጥሩ ፎቶም በብዛት የሚገኘው እዚያው ነው። ለዚህ ግን መጀመሪያ ብርሃኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ፀሐይ መቼ፣ በየት በኩል

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ፀሐይ ወደ ላይ የምትወጣው ቀጥ ብላ ነው፤ ለስላሳው የጠዋት ብርሃን ቶሎ ያልቃል። በመስከረም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትወጣለች፣ በጥር አጋማሽ ግን ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው የምትታየው። ማታ በኅዳር 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ ትጠልቃለች፤ በመስከረምና በጥር እስከ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ትቆያለች። ስለዚህ በአማካይ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10፡30 እስከ ጀምበር መጥለቂያ ያለውን ጊዜ ለሥራ ያዙ።

ቀትር በሁሉም ወር አንድ ዓይነት አይደለም። በእንቁጣጣሽ ሰሞን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ 85 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ አናት ላይ ናት ማለት ነው። ቅንድብ ዓይንን ይጋርዳል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል፣ ፊት የፊት መልክ አይኖረውም። በዚያን ሰዓት ክፍት ሜዳ ላይ የሰው ፊት ለማንሳት አትድከሙ፤ ወደ በረንዳ፣ ወደ ዛፍ ጥላ፣ ወደ ሱቅ ደጅ ግቡ። በጥምቀት ሰሞን ግን ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ 60 ዲግሪ ላይ ስለምትሆን ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ሰው በቀትርም ቢሆን ዓይኑ ብርሃን ያገኛል። ይህችን ልዩነት ማወቅ በጃንሜዳ ከየት በኩል እንደምትቆሙ ይወስናል።

መንገዶችንም በዚህ ዓይን እዩ። የቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። ጠዋት ብርሃኑ ከግራችሁ ይገባና የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ያበራል፤ ማታ ይገለበጣል። ከላይ ሆኖ ቁልቁል በረጅም ሌንስ (ከ135 እስከ 200 ሚሊ ሜትር) ሲነሳ ታክሲው፣ አውቶቡሱና እግረኛው ተደራርቦ ይታያል። በታኅሣሥና በጥር ቀትር ላይ ግን ወደ ደቡብ ስታነሱ ፀሐይ ፊት ለፊታችሁ ስለሆነች ቁልቁለቱ ሁሉ ጭጋጋማ ሆኖ ይወጣል። የሌንሱን ኮፍያ አድርጉ፣ ወይም በመዳፋችሁ ከላይ ከልሉት።

ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት

በዚህ ወቅት ከሚበላሹት ፎቶዎች ብዙዎቹ የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

የካሜራው የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ፍሬሙ በነጠላና በጋቢ ከተሞላ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል። ውጤቱ ግራጫ ነጠላና የጠቆረ ፊት ነው። መፍትሔው ፕላስና ማይነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። ጥላ ውስጥ ያሉ ነጭ ለባሾች ፍሬሙን ከሞሉት ፕላስ 1 አድርጉ። ነጩ የፍሬሙን ግማሽ ከያዘ ፕላስ 0.7 ይበቃል።

ቀጥታ ፀሐይ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ፀሐይ ባረፈበት ነጠላና ነጠላው ጥላ ባጠላበት ፊት መካከል ያለው ልዩነት 4 ስቶፕ ሊደርስ ይችላል፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ ስለሚለውጥ 16 እጥፍ ይለያያል ማለት ነው። ለፊቱ ብላችሁ ብታበሩ ነጠላው ጭርሱን ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ነጭ ደግሞ በኋላ በምንም ማስተካከያ አይመለስም። የጨለመ ፊት ግን በሮው (ካሜራው ሳያሳንሰው በሚያስቀምጠው ጥሬ) ፋይል ከተነሳ ያለ ብዙ ጉዳት 2 ስቶፕ ያህል ከፍ ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ በፀሐይ ላይ ያንን የፕላስና ማይነስ ማካካሻ 0 ወይም ማይነስ 0.3 ላይ አድርጉና በሮው አንሱ። በስክሪኑ ላይ የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ክፈቱ። የነጠላው ክርና ጥለት በግልጽ ከታየ መጠኑ ትክክል ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አቋቋምን መለወጥ ነው። ሰዎቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሲሰጡ ከፊት ለፊታቸው ሁኑ። ሸማ ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጠርዙ እንደ ፋኖስ ይበራል። ፊታቸውም ፊት ለፊት ከቆሙት ነጭ ለባሾች በሚንጸባረቀው ብርሃን ይለሰልሳል። ሕዝቡ ራሱ የብርሃን መላሽ ይሆንላችኋል። እንዲህ ስታነሱ ፕላስ 1 አስፈላጊ ነው፤ ከዚያ በታች ፊቱ ይጨልማል።

በስልክ የምታነሱ ከሆነ ፊቱን ነክታችሁ ጣታችሁን ሁለት ሰከንድ ያህል አቆዩት፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ከዚያ የሚመጣውን የፀሐይ ምልክት ጥለቱ እስኪታይ ድረስ ወደ ታች ሳቡት። ብሩህና ጨለማ ቦታዎችን የሚያመጣጥነውን ኤችዲአር የሚባለውን ክፍት ተዉት። ከሁሉ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ በጣት ቅባት የተሸፈነ ሌንስ በፀሐይ አንጻር ሲነሳ ሁሉን ነገር ወተት ያስመስለዋል። በስልክ ከተነሱ ደብዛዛ ፎቶዎች ብዙዎቹ ምክንያታቸው ይኸው ነው።

ሌላው ወጥመድ ባለ ቀለም ጥላ ነው። በገበያ የተወጠረ ሰማያዊ ሸራ፣ የነጋዴዋ ቀይ ጃንጥላ፣ የታቦት ባለ ብዙ ቀለም ጃንጥላ ከሥሩ ያለውን ፊት ሁሉ ያቀልሙታል። ይህን ኋይት ባላንስ (የካሜራው የቀለም ማስተካከያ) አያስተካክለውም፤ ፊቱን ስታስተካክሉ ዙሪያው ይበላሻል። ሰውየው ወደ ጥላው ዳር፣ የሰማዩ ብርሃን ወደሚደርስበት እስኪመጣ ጠብቁ። ካልመጣ ጥቁርና ነጭ ማድረግ ነው ያለው አማራጭ።

ምን ይዞ መውጣት

ለቀን ብርሃንና ለቅርብ ሰው ስልክ ይበቃል። የሚሸነፈው ማታ በሚንቀሳቀስ ነገርና በሩቅ ነገር ላይ ነው። በሁለት ጣት እየሳባችሁ አታጉሉ፤ ቀረብ በሉ፣ ወይም ሌላ ፎቶ ፈልጉ።

ካሜራ ያለው ሰው አንድ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ (ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር አነስተኛ ለሆነ ካሜራ 23 ወይም 24) ይዞ ቢወጣ ይበቃዋል። ትልቅና ነጭ ሌንስ በየፍተሻው ጥያቄ ያስነሳል፣ በሕዝብ መካከል ያስቸግራል፣ ሰውም ገና ከሩቅ ያየውና ሁኔታውን ይለውጣል። ሁለት ባትሪ፣ ሁለት 64 ጊጋ ባይት ካርድ፣ 10 ሺህ ሚሊ አምፒር ፓወር ባንክ፣ ሁለት ፌስታልና አንድ ላስቲክ። ፌስታሉ በመስከረም ከሰዓት በኋላ ለሚጥለው ዝናብ፣ በጥር ደግሞ ለጠበል ነው፤ ታቹን በስታችሁ ሌንሱን አውጡና ጠርዙን በላስቲክ እሰሩት። ባትሪውን ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን ቻርጅ አድርጉ፤ የበዓል ዋዜማ መብራት ከጠፋ የምታደርጉት የለም።

ለጎዳና የሚሆን መነሻ ይህ ነው፦ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 8፣ የሻተር ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ከ1/250 ሰከንድ የማያንስ፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) በራሱ እንዲሠራ ሆኖ ጣሪያው 6400። ፎከሱን በእጅ 3 ሜትር ላይ አድርጉት። በ35 ሚሊ ሜትር፣ ሙሉ ፍሬም በሚባለው ትልቅ ሴንሰር ላይ ከ2 ሜትር እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ካሜራው ፎከስ እስኪፈልግ መጠበቅ የለም። 1/250 የሚራመድ ሰው ያቆማል። ለእስክስታ 1/500፣ ለሯጭና በገና ጨዋታ ለሚሮጥ ወጣት 1/1000 ያስፈልጋል። ማታ ሱቅ፣ ባዛር ወይም አዳራሽ ውስጥ በፍሎረሰንትና በኤልኢዲ መብራት ስታነሱ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ከመጣ ምክንያቱ የኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ነው፤ ፍጥነቱን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ስታደርጉ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

አቧራ የጥር ችግር ነው። ሌንስ መንገድ ላይ አትቀይሩ። ሴንሰር ላይ የገባ አቧራ በኤፍ 8 ሰማዩ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ በአፍ እፍ ማለት ደግሞ ምራቅ ይጨምርበታል።

የዘወትሩ ቀን

የጎዳና ፎቶ ዋና ዘዴ እየሄዱ ማደን አይደለም። ጀርባውን ምረጡ፣ ብርሃኑን እዩ፣ ከዚያ ቁሙና ጠብቁ። ግማሽ ሰዓት አንድ ቦታ የቆመ ሰው ከአካባቢው ጋር ይለመዳል፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ካሜራውን ያዩ የነበሩት ሁሉ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ከማለዳው 12፡30 ጀምሮ የታክሲ ሰልፍ አለ። ሰልፉን ከጎን ሳይሆን ከጫፍ ሆናችሁ፣ ፊቶቹ ተደርድረው እንዲታዩ አንሱት። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ 1/500 ያስፈልጋችኋል፤ በተቃራኒው ሰማያዊና ነጩን ሚኒባስ በ1/30 እየተከተላችሁ ብታነሱት መኪናው ጥርት ብሎ ሲቀር ጀርባው በመስመር ይደበዝዛል። ሲከተሉ ከወገብ ነው መዞር፤ ክንድ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ከአሥሩ አንዱ ከተሳካ ጥሩ ነው።

የጀበና ቡና እንፋሎትና የከሰል ጭስ የሚታየው ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣና ጀርባው ጨለማ ሲሆን ብቻ ነው፤ ነጭ ግድግዳ ላይ ይጠፋል። ቡና ከምታፈላዋ ማዶ ያለውን ጥላ የያዘ በር ፈልጉና ከዚያ አንጻር ቁሙ። በመስከረም ማታ በየጥጉ የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት እንዲሁ ነው፤ 12፡40 ላይ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ ፍሙ በበቂ ያበራል። ኤፍ 2፣ 1/60፣ አይኤስኦ 3200 ሞክሩና ማራገቢያው ሲንቀሳቀስ አንሱ፤ ፍሙ የሚቀላውና የምትጠብሰዋን ሴት ፊት የሚያበራው ያን ጊዜ ነው።

መርካቶ ብቻችሁን ባትገቡ ይመረጣል። ምናለሽ ተራን የመሳሰሉት ጠባብ መተላለፊያዎች በቆርቆሮ ክዳን መካከል የሚወርድ የብርሃን ዘንግ አላቸው፤ ለዘንጉ ለኩ (ማይነስ 1 እስከ ማይነስ 1.7)፣ ቀሪው ይጨልም፣ ሰው ዘንጉ ውስጥ እስኪገባ ጠብቁ። ተሸካሚዎች መንገድ ሲጠይቁ ግድግዳ ተጠጉ፤ 50 ኪሎ የተሸከመ ሰው ለእናንተ ፎቶ ብሎ መቆም አይችልም። ማሰሪያውን አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ ቦርሳውን ወደ ፊት አዙሩት።

አንድ ነገር በተለይ እንመክራለን፤ ሊፈርስ ያለውን ሰፈር አሁኑኑ አንሱ። ከፒያሳ ብዙው ክፍል በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ሱቁ፣ የሱቁ ጽሑፍ፣ ደረጃው፣ ደረጃው ላይ የሚቀመጡት ሰዎች አሁን ያሉት አንድ ሰው ባነሳቸው ፎቶዎች ላይ ብቻ ነው። በኮሪደር ልማቱ የሚነካ መንገድ አቅራቢያችሁ ካለ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሌንስ፣ በየወሩ አንድ ጊዜ አንሱት። የቆማችሁበትን ለማስታወስ ከጀርባ የማይፈርስ ነገር፣ ለምሳሌ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ወይም ሚናሬት፣ ሁልጊዜ በፍሬሙ አንድ ጥግ ላይ አድርጉ።

በዓላቱ በተራ

እንቁጣጣሽ። ከበዓሉ በፊት ያሉት ሦስት ቀናት ከበዓሉ ይበልጣሉ፤ በሾላ ገበያ ዶሮና ቀይ ሽንኩርት፣ በየመንገዱ ዳር ቄጤማና አደይ፣ በታክሲ ላይ የተጫነ በግ። ሽሮ ሜዳም የሀበሻ ልብስ ገዢ ያጥለቀልቃታል። የዋዜማው ማታ ችቦ በየደጁ ይበራል። በዓሉ ጠዋት አበባየሆሽ የሚሉትን ልጃገረዶች በቁመታቸው ልክ ተንበርክካችሁ አንሱ፤ ከላይ ወደ ታች የተነሳ ልጅ አናቱ ብቻ ነው የሚታየው። ለዘፈናቸው እንደ ልማዱ ስጡ፤ ፎቶ ስላነሳችሁ ብላችሁ ግን ለልጆች ገንዘብ አትስጡ። ወላጅ ወይም ታላቅ ካለ ፈቃድ የሚጠየቀው እሱ ነው።

አደይ በዓመት አንዴ፣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው የምትታየው። ከመሬት ተጠግታችሁ፣ ማታ 11፡30 ላይ ፀሐይን ከጀርባዋ አድርጋችሁ ብታነሷት ቅጠሏ ብርሃን ያሳልፋል። ቢጫ በቀትር ፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል፤ ማይነስ 0.7 አድርጉ።

ደመራ። መስከረም 16 ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስዱት መንገዶች ስለሚዘጉ በእግር ነው የሚገባው። ፍተሻ አለ፤ ቢላዋና መሰል ስለት አትያዙ፣ ትሪፖድም ተዉት። ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ግቡና በእርከኖቹ የላይኛው ክፍል ላይ ቦታ ያዙ፤ የሰንበት ተማሪዎቹ ሰልፍ ቅርጹ የሚለየው ከላይ ነው። እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ያሉት 20 ደቂቃዎች ወሳኝ ናቸው። ሰማዩ ገና ሰማያዊ ነው፣ ጧፉ በርቷል፣ ሁለቱም በአንድ ፎቶ ይያዛሉ። ነበልባሉን ለማንሳት በማኑዋል 1/250፣ ኤፍ 4፣ አይኤስኦ 800 ጀምሩ፤ ከዚህ በላይ ከበራ ነበልባሉ ቅርጽ የሌለው ነጭ ይሆናል። በእሳቱ የበሩ ፊቶችን ለማንሳት ግን 1/125፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 3200። እነዚህ ሁለት መጠኖች በአንድ ፎቶ አይገናኙም፤ እሳቱን ወይም ፊቱን ምረጡ። እኛ ፊቱን እንመርጣለን፤ በተለይ የመካከለኛው ምሰሶ ወዴት እንደሚወድቅ ሁሉም አንጋጦ ሲጠብቅ ያለውን ፊት።

ቅርብ ፎቶ ለሚፈልግ የሰፈር ደመራ ይሻላል። እዚያ ሁለት ሜትር ድረስ መቅረብ ይቻላል፣ የምታውቁት ሰውም አለ። ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ። በማግስቱ፣ መስከረም 17 ማለዳ፣ ሰዉ በደመራው አመድ ግንባሩን ሲቀባ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ግፊያውም የለም፤ ከበዓሉ ሁሉ ጸጥ ያለና ጥሩ ፎቶ የሚገኘው በዚያ ሰዓት ነው።

ኢሬቻ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሆረ ፊንፊኔ በአዲስ አበባ ይከበራል፤ በማግስቱ ደግሞ ቢሾፍቱ ላይ ሆረ አርሰዲ አለ። ሕዝቡ ገና ጎህ ሳይቀድ ስለሚወጣ እናንተም ከዚያ በፊት ውጡ። ሲንቄ የሚባለውን በትር የያዙ እናቶች ከፊት ሲሄዱ ረድፉን በሰያፍ አንሱ። እርጥብ ሣርና አደይ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሲረጭ ጠብታው የሚታየው በ1/1000 እና ከኋላ በሚመጣ ብርሃን ነው። በውኃው ዳር ሕዝቡ ይጠቀጠቃል፤ ከመግባታችሁ በፊት መውጫችሁን እዩ፣ ዓይናችሁንም ከካሜራው ላይ በየጊዜው አንሱ።

ታላቁ ሩጫ። በኅዳር፣ እሑድ ጠዋት፣ 10 ኪሎ ሜትር። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን አሁን ተሳታፊው ከ40 ሺህ በላይ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ስለሚለብስ ቀለሙ ፍሬሙን ይሞላዋል፤ የተለየውን ፈልጉ፣ የአያት ነጠላ፣ ልጅ የተሸከመ አባት፣ ዳር ቆሞ ውኃ የሚረጭ ሰው። መነሻው ላይ ከመጋፋት ዳገት ያለበትን ቦታ ምረጡ፤ እዚያ ሯጩ ይዘገያል፣ ፊቱም ይናገራል።

ገና። የታኅሣሥ 28 ሌሊት ያለ ፍላሽ ነው። ነጠላ ልበሱ፣ የካሜራውን ድምፅ አጥፉ፣ የወንድና የሴት መቆሚያ ለይታችሁ ቁሙ፣ ወደ ውስጥ ለመግባት ደግሞ ፈቃድ ጠይቁ። በጧፍ ብርሃን ኤፍ 1.8፣ 1/60፣ አይኤስኦ 3200 ይሠራል። ኋይት ባላንሱን በኦቶ አትተዉት፣ የጧፉን ሙቀት ይሰርቀዋል፤ 3800 ኬልቪን ላይ አድርጉት።

ጥምቀት። ጥር 10 ከቀትር በኋላ ታቦታቱ ወጥተው ወደ ጃንሜዳ ሲያመሩ ከስድስት ኪሎ ወዲህ ያሉትን መንገዶች ያዙ። ከታቦቱ ፊት ለፊት የሚሠሩትን ወጣቶች ተመልከቱ፤ ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ ጠቅልለው እየሮጡ ከፊት መልሰው ያነጥፋሉ። በዚያ ምንጣፍ ላይ አትርገጡ፣ የታቦቱንም መንገድ አትዝጉ። ታቦት የተሸከሙትን ካህን ተጠግታችሁ በፍላሽ ማንሳት ነውር ነው፤ ከጎን፣ ከርቀት፣ ያለ ፍላሽ። ካህናቱን ማነጋገር ካስፈለገ «አባቴ» ብላችሁ፣ ካሜራውን ዝቅ አድርጋችሁ ነው። ጥር 11 ማለዳ ጠበሉ ሲረጭ ፌስታሉን አልብሱና 1/1000 ላይ አንሱ፤ ሌንሱን ከነጠብጣቡ በየደቂቃው ጥረጉ። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለሰው ጥር 12 ነው፤ ያን ቀን ከዋናው ቀን ያነሰ ፎቶ አንሺ ስለሚኖር ለመንቀሳቀስ ይመቻል። የሸንኮራ ነጋዴውን፣ ሎሚ የያዘውን ጎረምሳ፣ ደክሞት ጃንጥላ ሥር የተኛውን ሕፃን እንዳትረሱ።

የእስልምና በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ይቀድማሉ፤ በዚህ ወቅት መውደቅ አለመውደቃቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በኢድ ሶላት ጊዜ በሰጋጆች ፊት አትለፉ፤ ከኋላ ወይም ከከፍታ ቦታ አንሱ።

የአውሮፓ አቆጣጠር ብቻ እያያችሁ ቀጠሮ አትያዙ። ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ቀጣዩ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ፣ ጥምቀትም ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። በቅርቡ ይህ የሚሆነው በ2020 ዓ.ም. ነው።

ፈቃድ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህ አንዱ በአደባባይ የተደረገ ወይም ሕዝብን የሚመለከት ሁኔታ ወይም ሥነ ሥርዓት ነው። በተግባር ሲታይ የጥምቀትን ሕዝብ ማንሳትና ማሳየት አያስጠይቅም። የአንዲት ቡና ሻጭን ፊት ለማስታወቂያ መሸጥ ግን ፈቃዷን ይጠይቃል።

ከሕጉ በፊት ግን ወግ አለ። ለአዛውንት «እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» ብሎ መጠየቅ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ሁኔታው እንዳይበላሽ ከፈራችሁ መጀመሪያ አንሱ፣ ወዲያው ግን ቀርባችሁ አሳዩአቸው፤ ካልወደዱት እዚያው ፊታቸው አጥፉት። ጎዳና ላይ የተኛን ሰው፣ የታመመን፣ ለልመና የተቀመጠን ለውበት ብላችሁ አታንሱ። የቤተ መንግሥት አጥር፣ ወታደራዊ ካምፕ፣ ኤምባሲ፣ የኤርፖርት ፍተሻ፣ የጸጥታ ኃይሎች ከሌንሳችሁ ውጭ ይሁኑ። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይበርም። ፖሊስ ከጠየቃችሁ ካሜራውን ዝቅ አድርጋችሁ መታወቂያ አሳዩና ምን እንደምታነሱ በአጭሩ ንገሩ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ

ፎቶውን ወደ ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ ሁለቱንም ከፍታችሁ ሳታረጋግጡ ካርዱን ፎርማት አታድርጉ። የፎልደሩን ስም በዓመት፣ በወርና በቀን ጀምሩት፦ «2018-05-11 ጥምቀት ጃንሜዳ»። እንዲህ ከተጻፈ በራሱ በቅደም ተከተል ይሰለፋል። ካሜራው ፋይሉ ውስጥ የሚጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ በመግለጫው ላይ ሁለቱንም አስፍሩ። መግለጫውን በዚያው ምሽት ጻፉት፤ ሰፈሩ፣ መንገዱ፣ የሱቁ ስም፣ ምን እየተደረገ እንደነበር። «ገበያ» ብሎ መጻፍ ከአሥር ዓመት በኋላ ለማንም አይጠቅምም፤ «ሾላ ገበያ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የዶሮ ተራ» ግን ይጠቅማል። ከ300 ፎቶ 12 ምረጡ።

ለሰዎቹ ቃል የገባችሁትን ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት መተግበሪያው ያሳንሰዋል፣ ሲታተምም ይደበዝዛል። ለ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ኅትመት 1200 በ1800 ፒክስል፣ ለ20 በ30 ደግሞ 2400 በ3600 ያስፈልጋል። ፎቶ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት ፊቱን በ0.3 ስቶፕ ያህል ከፍ አድርጉ፤ ጠይም ፊት ወረቀት ላይ ከስክሪኑ ይልቅ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ብዙ ቅጂ ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ብቻ አሳትማችሁ ደጅ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት።